አረፋ ከመጨበጥ በፊት
የዋና መሣሪያዎችና አጠቃቀማቸው

«ውኃ የወሰደው ሰው አረፋ ይጨብጣል» የሚለውን አባባል ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። አባባሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ውኃ ሳይሆን ክርክር ስለ ተረታ ወይም ዕዳ ስለ ጠናበት ሰው ነው። እኛ ግን በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነገሩ ቃል በቃል ሲፈጸም ቆመን ተመልክተናል።

ቦታው ስሙን መጥቀስ የማያስፈልገን አንድ የስምጥ ሸለቆ ሐይቅ ነበር። ከከተማው የመጡ ልጆች በከባድ መኪና ካላማዳሪያ ላይ እየተፈራረቁ ይንሳፈፋሉ። እንደ ወትሮው ከቀትር በኋላ ነፋስ ተነሣና ካላማዳሪያውን ከዳርቻው ወደ መካከል ይገፋው ጀመር። በላዩ ተቀምጦ የነበረው ዕድሜው ከ14 ዓመት የማይበልጥ ልጅ በእጁ ቀዝፎ ሊመለስ ሲንጠራራ ተንሸራቶ ወደቀ። ካላማዳሪያው ሰው ሲወርድለት ይበልጥ ቀለለና ነፋሱ ይዞት ሄደ። ልጁ አልጮኸም። እጆቹን ወደ ጎን ዘርግቶ ውኃውን ወደ ታች እየመታ አንድ ጊዜ ብቅ፣ አንድ ጊዜ ጥልቅ ይል ስለ ነበር ከዳር የቆምነው ሰዎች የሚጫወት መስሎን ነበር። ነገሩ የገባው ጓደኛው ዘሎ ገባ፤ ሲደርስበትም ልጁ አንገቱን አንቆ ያዘው። ጓደኛው በዓሣ አጥማጆች ጀልባ ተጎትቶ ተረፈ፤ ልጁ የተገኘው በማግስቱ ነው።

እስከ ዛሬ ከኅሊናችን ያልወጣው ሌላ ነገር አለ። ልጁ ከወደቀበት ቦታ 20 ርምጃ በማይሞላ ርቀት ውኃ ሊቀዱ የመጡ ሴቶች ያስቀመጧቸው ባዶ ቢጫ ጀሪካኖች ተደርድረው ነበር። ስድስት ናቸው፤ በኋላ ቆጥረናቸዋል። አንዱን አንሥቶ ወደ ውኃው የወረወረ ሰው ግን አልነበረም፤ እኛም ጭምር።

በዚህ ዓምድ ስለ ዋና መሣሪያ ለመጻፍ የተነሣንበት ምክንያት ይኸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ እንደ ገለጸው፣ በ2021 ብቻ 300,000 ያህል ሰዎች ሰጥመው ሞተዋል፤ ከእነዚህም ውስጥ ሩብ ያህሉ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። የዋና መሣሪያ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በሱቅ መስኮት የተሰቀለውን ባለ ቀለም ልብስና መነጽር ነው። እያንዳንዱ መሣሪያ ግን ለአንድ ሥራ ተሠርቷል፤ ላልተሠራበት ሥራ ሲውል ባለቤቱን ይከዳል። ስለዚህ ከዋጋውና ከመልኩ ይልቅ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል ማወቁ ይቀድማል።

ስለ ልብስና ስለ ቆብ ብዙ አንልም። የዋና ልብስ ከሰውነት ጋር የሚጣበቅና ውኃ የማይዝ መሆን አለበት። የጥጥ ካናቴራና ረጅም ሱሪ ለብሶ መዋኘት ግን ሰውነትን ያከብዳል፤ ክንድንም ያስራል። ቆብ ፀጉርን ከፊት ላይ ለመሰብሰብና የገንዳውን ውኃ በንጽሕና ለመጠበቅ እንጂ ጆሮን ውኃ እንዳይገባው ለመከላከል የተሠራ አይደለም። በልብስ ረገድ ዓለም የደረሰበትን ለማወቅ ለሚፈልግ አንባቢ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 እና በ2009 ሰውነትን ጨምቀው የሚያንሳፍፉ አዳዲስ የመወዳደሪያ ልብሶች በመውጣታቸው የዓለም ክብረ ወሰኖች በተከታታይ ተሰብረው ነበር። የዓለም የዋና ፌዴሬሽን ልብሱ ከዋናተኛው በላይ እየዋኘ መሆኑን ስለ ተረዳ ከ2010 መግቢያ ጀምሮ ከለከላቸው። ሌላው መጠቀስ ያለበት ነገር ቢኖር፣ ቢልሃርዝያ ባለበት ሐይቅ ዳርቻ የሚዋኝን ሰው ከበሽታው የሚጠብቅ የዋና ልብስ አለመኖሩ ነው።

የመነጽር ጉዳይ ግን ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል። ሰው በውኃ ውስጥ ዓይኑን ሲገልጥ ሁሉ ነገር የሚደበዝዝበት ውኃው ቆሻሻ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም። በአየር ውስጥ ስናይ ብርሃን ወደ ዓይናችን የሚገባው በዓይን ፊተኛው ጥርት ያለ ሽፋን ላይ በኃይል ተሰብሮ ነው። ውኃና ይህ ሽፋን ብርሃንን የሚሰብሩበት መጠን ተቀራራቢ በመሆኑ፣ ውኃ ዓይንን ሲነካ ያ የመስበር ኃይል ይጠፋል። መነጽር የሚያደርገው ከዓይን ፊት ጥቂት አየር መመለስ ነው፤ መስታወቱ ራሱ ምንም የተለየ ምሥጢር የለውም። ይሁን እንጂ ብርሃኑ ከውኃ ወደ መነጽሩ አየር ሲሻገር እንደ ገና ስለሚሰበር ዕቃው ከእውነተኛው ርቀቱ በሩብ ያህል የቀረበ፣ በመጠኑም የገዘፈ መስሎ ይታያል። ጀማሪ ዋናተኛ ከገንዳው ወለል ላይ ሳንቲም ለማንሣት ጠልቆ እጁ ባዶ ውኃ ሲዘግን ስናይ መሳቃችን ባይቀርም ጥፋቱ የእርሱ አይደለም።

መነጽር ለዋናተኞች የተፈቀደው ብዙ ዘግይቶ ነው። እንግሊዛዊው ቶማስ በርጅስ እ.ኤ.አ. በ1911 የእንግሊዝን ባሕረ ሰላጤ ዋኝቶ ሲያቋርጥ ያደረገው የሞተር ብስክሌት ነጂ መነጽር ሲሆን ውኃ ያስገባ ነበር። በ1926 ይህንኑ ባሕር በማቋረጥ የመጀመሪያዋ ሴት የሆነችው አሜሪካዊት ገርትሩድ ኤደርል ደግሞ የመነጽሯን ጠርዝ በቀለጠ ሰም ደፍናዋለች። በኦሊምፒክ ውድድር መነጽር ማድረግ የተፈቀደው በ1976 በሞንትሪያል ነው።

መነጽር ሲገዛ ማሰሪያውን ከማጥበቅ በፊት የሚደረግ አንድ ፈተና አለ። ሁለቱን መስታወቶች ያለ ማሰሪያ በዓይን ጉድጓድ ላይ በቀስታ ተጭኖ መልቀቅ ነው፤ ለጥቂት ሴኮንድ ተጣብቆ ከቆየ ለዚያ ፊት ይስማማል። ወዲያው ከወደቀ ግን ማሰሪያውን የቱንም ያህል ቢያጠብቁት ውኃ ማስገባቱ አይቀርም፤ ትርፉ ራስ ምታት ነው። የውስጡን ገጽ በጣት መጥረግ አይገባም፤ ጉም የሚከላከለው ስስ ቅብ ይላጣል። ከፊት ላይ ሲነሣም መስታወቱን ወደ ፊት ስቦ ማውጣት ላስቲኩ ካመለጠ ዓይን ላይ ተመልሶ እንዲመታ ስለሚያደርግ፣ ማሰሪያውን ከኋላ ወደ ላይ ማንሣት ይገባል።

የዋና መነጽርን ከጠላቂ ጭንብል ጋር አንድ አድርጎ የሚያይ ሰው ይሳሳታል። በውኃ ውስጥ በ10 ሜትር ጥልቀት ላይ ያለው ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው እጥፍ ነው። ግፊቱ እየጨመረ ሲሄድ በመነጽሩ ውስጥ ያለው አየር ይጨመቅና መነጽሩ እንደ ዋግምት ዓይንን ወደ ውጭ ይስባል፤ የደም ሥሮችም ይበጣጠሳሉ። የጠላቂ ጭንብል አፍንጫንም ጨምሮ የሚሸፍነው ለመልክ ሳይሆን ጠላቂው በአፍንጫው ትንሽ አየር ወደ ውስጥ እየነፋ ግፊቱን እንዲያስተካክል ነው። ስለዚህ የዋና መነጽር ከወለል አቅራቢያ መለየት የለበትም። ጆሮን በላስቲክ ወይም በጥጥ ደፍኖ መጥለቅም በዚሁ ምክንያት የጆሮን ታምቡር ለጉዳት ያጋልጣል።

ከጭንብሉ ጋር አብሮ የሚሄደው የመተንፈሻ ቱቦ ነው። ርዝመቱ 40 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ ለምን አላስረዘሙትም የሚል ጥያቄ ከአንድ ወጣት ወታደር ቀርቦልን ያውቃል። ጠላት ሲያሳድደው ወንዝ ውስጥ ጠልቆ በረጅም ሸምበቆ እየተነፈሰ ስላመለጠ ጀግና ሰምቶ ኖሮ ነው። ተረቱን ማበላሸት ባንወድም፣ በአንድ ሜትር ጥልቀት ላይ ያለው ውኃ ደረትን የሚጫነው ጫና የደረት ጡንቻዎች ተቋቁመው አየር ወደ ውስጥ ሊስቡ ከሚችሉት በላይ ነው። ከዚህም ሌላ ቱቦው በረዘመ ቁጥር ሰውየው መልሶ የሚስበው ራሱ የተነፈሰውን የተቃጠለ አየር ነው። ስለዚህ ጀግናው ሸምበቆውን ይዞ ከወለሉ በታች ብዙም ሳይርቅ ተጋድሞ ከሆነ እናምነዋለን። ትንፋሽን ለማራዘም ሲባል ከመጥለቅ በፊት ደጋግሞ በፍጥነት መተንፈስም እጅግ አደገኛ ልማድ ነው፤ የመተንፈስ ፍላጎት ሳይሰማ ሰው ራሱን እንዲስት ያደርጋል።

የእግር ክንፍ የምንለው የጎማ ጫማ የዳክዬን እግር የሚመስለው ነው። ሉዊ ደ ኮርልዩ የተባለ የፈረንሳይ ባሕር ኃይል መኮንን እ.ኤ.አ. በ1933 ለሥራው የባለቤትነት መብት አገኘ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም ጠላቂ ወታደሮች ስለ ተጠቀሙበት ፈረንጆች «የእንቁራሪት ሰዎች» የሚል ስም አወጡላቸው። ክንፉ ከጠበበ እግርን ያሸማቅቃል፤ ከሰፋ ይወልቃል። ርግጫው ከጉልበት ሳይሆን ከዳሌ መነሣት አለበት፤ በዳርቻ ላይ ሲሄዱበትም እንዳይጥል ወደ ኋላ መራመድ ነው። ክንፍ አድርጎ ከዳር የራቀ ሰው አንዱ ሲወልቅበት ያለ ክንፍ መመለስ መቻል አለበት፤ ካልቻለ መጀመሪያውኑ መራቅ አልነበረበትም።

ለጀማሪ ከሁሉ የሚበልጠው መሣሪያ በእኛ አስተያየት ቀላሉና ርካሹ፣ ማለትም ተንሳፋፊ ሰሌዳው ነው። ጀማሪው ሁለት እጁን በሰሌዳው ላይ ዘርግቶ ፊቱን ውኃ ውስጥ እያደረገ በእግሩ ብቻ ሲገፋ፣ እግሩ መሥራትን፣ ሳንባውም በውኃ ውስጥ ቀስ ብሎ ማስወጣትን ይለማመዳሉ። ትምህርቱ ወገብ በሚያህል ውኃ ውስጥና ከዳርቻው ጎን ለጎን እንጂ ወደ መካከል መሆን የለበትም። በልጆች ክንድ ላይ የሚነፉት ላስቲኮችና የምንወደው ካላማዳሪያ ግን ከመጫወቻነት አልፈው የዋና መማሪያ አይሆኑም። ካላማዳሪያ ሰውን በደንብ ይሸከማል፤ ነፋስ ግን ከዋናተኛው ይበልጥ ይፈጥናልና ከእጅ ካመለጠ አይደረስበትም። የግድ የሚጠቀምበት ቢኖር በአጭር ገመድ ዳር ላይ ካለ ድንጋይ ወይም ዛፍ ጋር ይሰረው።

አሁን ወደ ነፍስ ማዳኛ ሰደርያ እናምራ። የሰው አካል ከውኃ ጋር ተቀራራቢ ክብደት ስላለው፣ አዋቂ ሰው ጭንቅላቱን ከውኃ በላይ ይዞ ለመቆየት የሚያስፈልገው ተጨማሪ የማንሳፈፍ ኃይል ከ3 እስከ 5 ኪሎ ግራም የሚያህል ብቻ ነው። የሰደርያ ሥራ ይህንን ትንሽ ኃይል በትክክለኛው ቦታ፣ በደረትና በአንገት ዙሪያ፣ ማዋል ነው። በጀልባ ላይ ሰደርያን እንደ ትራስ ተቀምጠውበት የሚጓዙ ሰዎችን ደጋግመን አይተናል፤ ጀልባ ሲገለበጥ ሰደርያ ለመፈለግም ሆነ ዘለበት ለመቆለፍ ጊዜ የለም። ከስፖንጅ የተሠራው ዓይነት ልኩን ማወቅ ቀላል ነው። ዘለበቶቹ ሁሉ ከተቆለፉ በኋላ ሌላ ሰው ከትከሻው ይዞ ወደ ላይ ይጎትተው፤ አገጭንና ጆሮን አልፎ ከወጣ ሰፊ ነው። ለሕፃን የአዋቂ ሰደርያ ማልበስ ጭራሽ አያድንም፤ ሕፃኑ ሾልኮ ይወርዳል።

የሚነፋው ዓይነት ግን ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ለዚህም ማስረጃ የሚሆነን ብዙዎቻችን በሐዘን የምናስታውሰው አደጋ ነው። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ይበር የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 961 አውሮፕላን በሦስት ሰዎች ተጠለፈ። ጠላፊዎቹ ወደ አውስትራሊያ ውሰደን አሉ፤ ነዳጅ እንደማይበቃ ቢነገራቸውም አላመኑም። ነዳጁ አልቆ ሞተሮቹ ሲጠፉ ካፒቴን ልዑል አባተ አውሮፕላኑን በግራንድ ኮሞር ደሴት ዳርቻ ባሕር ላይ አሳረፈው። ከ175 ሰዎች መካከል 50ዎቹ ተረፉ፤ 125ቱ ሞቱ። በዳርቻው ሆቴል የነበሩ እንግዶችና የአካባቢው ሰዎች በጀልባ ደርሰው ብዙ ነፍስ አድነዋል።

ልብ የሚሰብረው ነገር፣ ከግጭቱ በሕይወት የተረፉ በርካታ መንገደኞች ሰደርያቸውን ገና በአውሮፕላኑ ውስጥ ሳሉ ነፍተውት መገኘታቸው ነው። እንዳይነፉት ተነግሮ ነበር፤ ግን በዚያ ድንጋጤ ውስጥ ያልሰማ፣ የሰማም ያልገባው ብዙ ነበር። ውኃው ወደ ውስጥ ሲጎርፍ የተነፋው ሰደርያ ወደ ጣሪያው አንሥቶ አጣበቃቸው፤ ወደ በሩ ለመድረስ ደግሞ ወደ ታች መጥለቅ ያስፈልግ ነበር። እንዲያንሳፍፍ የተሠራው ዕቃ ሥራውን አልበደለም፤ ያለ ቦታው አንሳፈፈ እንጂ። ስለዚህ በአውሮፕላንም ሆነ ጣሪያ ባለው ጀልባ ውስጥ ሰደርያውን በራስ አጥልቆ ማሰሪያውን ማሰር፣ የመንፊያውን ገመድ ግን ከበሩ ሲወጡ ብቻ መሳብ ነው። ጋዙ ካልሠራ በትከሻው በኩል ባለችው ቱቦ በአፍ መንፋት ይቻላል። የአስተናጋጇን ማብራሪያ እንደ ዘፈን እያዳመጥን ጋዜጣ የምንገልጥ ሰዎች ይህንን ማሰብ ይኖርብናል፤ ጋዜጣው የእኛ ቢሆንም እንኳ።

ሰደርያ የሌለው ሰው ምን ያድርግ የሚለው ጥያቄ በተለይ ወንዝ ለሚሻገረው ወታደር አንገብጋቢ ነው። ጥያቄው ግን አዲስ አይደለም። በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኘውና ከክርስቶስ ልደት በፊት በ9ኛው መቶ ዓመት ለአሦር ንጉሥ ለዳግማዊ አሹርናሲርፓል ቤተ መንግሥት የተቀረጸው ድንጋይ፣ ወታደሮች የተነፋ ስልቻ በደረታቸው ታቅፈው ወንዝ ሲዋኙ ያሳያል። የጣና ባለ ታንኳም ቢሆን የሚተማመነው በደንገል አገዳ ውስጥ በታመቀው አየር ነው። የዘመናችን ወታደር ስልቻ ባይኖረው ውኃ የማያስገባ የዝናብ ሸራ አለው። ልብሱን፣ ከስክስ ጫማውንና የጀርባ ቦርሳውን በሸራው መካከል አድርጎ ጠርዙን ጠምዝዞ በገመድ አጥብቆ ቢያስረው፣ የሚንሳፈፍ ጥቅል ይሆንለታል፤ ያንን ፊት ለፊት እየገፋ በእግሩ ይዋኛል። ድንገት የወደቀ ሰው ደግሞ ሱሪውን አውልቆ የሁለቱን እግር ጫፍ ቋጥሮ ወገቡን ከፍቶ ከኋላው በራሱ ላይ አሻግሮ ውኃው ላይ ቢያላጋው በአየር ይሞላል። ወገቡን ከውኃ በታች ጨብጦ አንገቱን በሁለቱ እግሮች መካከል ያስገባል። የረጠበ ጥጥ አየሩን ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሚይዝ እየደጋገሙ መሙላት ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ግን ጸጥ ባለ ገንዳ ውስጥ አሥር ጊዜ ያልተለማመደ ሰው በጎርፍ መካከል አይሳካለትም።

በሚፈስ ወንዝ ውስጥ አንድ ስሕተት በተለይ ይታያል። ይኸውም ዋናተኛውን በወገቡ በገመድ አስሮ መላክ ነው። ገመዱ ሲወጠር የወንዙ ኃይል ሰውየውን ወደ ታች ይደፍቀዋል፤ በዳር ያሉትም ለማዳን በሳቡ መጠን ይበልጥ ያሰጥሙታል። ገመድ በእጅ የሚያዝና የሚለቀቅ መሆን አለበት።

ወደ ጀሪካኖቹ እንመለስ። አምስት ሊትር የሚይዝ ባዶ ጀሪካን ክዳኑ በደንብ ከተዘጋ አምስት ኪሎ ግራም ወደሚጠጋ ክብደት ያንሳፍፋል፤ ከላይ እንደ ገለጽነው ለአንድ አዋቂ ሰው ይበቃል። ሃያ ሊትር የሚይዘው ሁለት ሰው ቢንጠለጠልበትም አይሰጥምም። ፈጽሞ ባዶ ከሆነ ግን ነፋስ ይመልሰዋል፤ ስለዚህ ሁለት ጣት ያህል ውኃ ጨምሮ ክዳኑን መዝጋትና በእጀታው ላይ 15 ወይም 20 ሜትር ቀጭን ገመድ ማሰር ነው። የገመዱን ሌላ ጫፍ በእግር ረግጦ፣ ጀሪካኑን ከሰጣሚው ራስ በላይ አሳልፎ መወርወርና ወደ እርሱ መሳብ ይገባል። ከውኃው ዳር ሲሳብም ወራዩ እንዳይጎተት በሆዱ መተኛት ወይም መቀመጥ አለበት። ዋና የሚችል ሰው እንኳ ባዶ እጁን ወደ ሰጣሚ መሄዱ የመጨረሻው ምርጫ ነው፤ የግድ ቢሆንበት አንድ የሚንሳፈፍ ነገር በመካከላቸው አድርጎ ይቅረብ። ሰጣሚ ሰው ራሱን ከመሳቱ በፊት የሚታገለው ከ20 እስከ 60 ሴኮንድ ለሚሆን ጊዜ ነው፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ገመድ ፍለጋ ወደ መንደር የሚሮጥ ሰው አይደርስም።

ባለፈው ወር ወደዚያ ሐይቅ ዳርቻ ተመልሰን ነበር። በውኃ መቅጃው አጠገብ ባለ ግራር ላይ፣ ሰው ቁመት በሚያህል ቦታ፣ አንድ ቢጫ ጀሪካን ከተጠቀለለ ገመድ ጋር ተሰቅሎ አየን። ማን እንደ ሰቀለው ውኃ የሚቀዱትን ሴቶች ስንጠይቃቸው አንደኛዋ የልጁ እናት ናት አሉን። ክዳኑን ፈትሸን አየነው፤ ጥብቅ ነው፤ ውስጡም ሁለት ጣት ያህል ውኃ አለበት።